የተቆጣው አውራ ጣት

ሸማኔ ሲሠራ የሚመለከት ሰው ሁሉ እጁን ነው የሚያየው። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ዓይን ይዞ ይሄዳል። እግሩን ማን ያይለታል? እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን እግር ነው። የመርገጫው ገመድ በአውራ ጣትና በጎረቤቱ ጣት መካከል ይገባል፤ አንዱ ሲረገጥ ድሩ አፉን ይከፍታል፣ ሌላው ሲረገጥ የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ይሆናል። አውራ ጣት እንቢ ካለ እጅ ምንም ቢቀላጠፍ ከንቱ ነው። ይህን የሚያውቁት ሸማኔዎችና የሸማኔ ሚስቶች ብቻ ናቸው። ሌላው ሰውማ "እግርህን ቢያምህ እጅህ ደህና አይደል?" ይላል። ሃሩንን እንዲህ ያላለው የመካነ ሰላም ሰው ቢፈለግ ጥቂት ነው።

ሃሩን ሽመናን ከአባቱ የተማረ፣ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ወደ ወግዲ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። የሽመና ጉድጓዱ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ እሱንም የቆፈሩት አባቱ ናቸው። ሚስቱ ጠይባ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ጋቢው ጠርዙ አይጠማዘዝም ይባልለታል፤ ብርድ ከሚያውቀው ከደጎሎ ድረስ ሰው እየመጣ ያዝዘው ነበር። ክፉ አመል የለበትም። አንድ ብቻ አለው፤ ችኮ ነው። በአንድ ነገር ላይ ከቆመ በበሬም አይጎተት።

ጣቱ መጀመሪያ የተቆጣው የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ደህና ተኝቶ አድሮ ለሱብሒ ሰላት ሊነሳ ሲል የግራ እግሩ አውራ ጣት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ቆዳው ተወጥሮ አገኘው። ጠይባ ፈትላ እሱ የሸመነው፣ ሰው ሁሉ "ላባ ነው" የሚለው የገዛ ጋቢው ጣቱን ሲነካው ጮኸ። ሰው ለራሱ የሠራውን ልብስ መልበስ ሲያቅተው ምን ይባላል?

ሐኪሙ እንደሆነ በሰፈር ሞልቷል። አንዱ እሬት ቀባ አለ፣ አንዱ በጋለ ብረት ተኮስ አለ። ጎረቤታቸው የሻለም፣ ጠበል ሃይማኖት አይጠይቅም ብላ በጀሪካን አመጣችለት፤ ሃሩንም ቢስሚላህ ብሎ ጠጣላት። የቀረው ደግሞ ማማት ያዘ። "ሪህ የጌቶች በሽታ ነው፤ ሥጋና መጠጥ ነው የሚያመጣው፤ ይሄ ሰውዬ ተደብቆ ይጠጣ ይሆን እንዴ?" ተባለ። ሃሩን በዕድሜው የሚያሰክር ነገር ቀምሶ ከሆነ የገዛ ችኮነቱን ነው።

ከሁሉም ስም ያወጣው ግን ይሄነው ነው። ይሄነው ዋግምት አድራጊ ነው፤ ቀንዱን ቆዳ ላይ ተክሎ "የረጋ ደም" ይመጥጣል። ወደ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ብቻ ስለሆነ ጥሪው ደርሶት እስኪመጣ ጣቱ ቅላቱን ትቶ፣ ቆዳው መላላጥ ጀምሮ ያገኘዋል። እሱ ግን አይመለስም። ይተክላል፣ ይመጥጣል፣ "አየኸው? እንዴት እንደጠቆረ!" ይላል። በማግስቱ ሃሩን ይራመዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነበር፤ ግን ማን ልብ ይበል? ይሄነው ራሱም ከልቡ ያምናል፤ አታላይ አይደለም።

ሰው ሲድን ደግሞ አላህ ይመሰገናል። ወሎ ውስጥ እንዲሁ በዝምታ አይዳንም፤ ሰደቃ ይወጣል። በግ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ "አፊያህን ያዝልቀው" ይባላል። ሥጋው ለእንግዳ ነው። ጉበቱና ኩላሊቱ ግን ተለይቶ ይጠበስና ለዳነው ሰው ይቀርባል፤ ደሙን ይመልስለታል ተብሎ። ጠይባ በዚህ አትታማም፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሳህኑን እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች።

ከሰደቃው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ተመልሶ ይቆጣል። እንደገና ይሄነው፣ እንደገና በግ፣ እንደገና ጉበት። እንዲህ ሲዞር አንድም ሰው አንዱን ከሌላው አላያያዘም። ምስጋና በሽታ ይጠራል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ፈርሂያ የሄደችው በዚህ መሐል ነው። ፈርሂያ የሃሩንና የጠይባ አንድ ልጅ ናት። አባቷ ጉድጓዱ ውስጥ የሚውልበት ቀን እያነሰ፣ የተወጠረው ድር አቧራ እየጠጣ ሲሄድ ብታይ፣ ማንንም ሳታማክር ፓስፖርት አወጣችና ሪያድ ሰው ቤት ገባች። የመጀመሪያው ኮንትራቷ ሲያልቅ "መጣሁ" ብላ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ጣቱ ተቆጣና አደሰች። አሁን ሁለተኛው ሊያልቅ ነው። በደወለች ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "አብዬ፣ ጣትዎ እንዴት ነው?"

ሃሩን ያን ጥያቄ ይጠላዋል። ጣቱ ደህና ከሆነ ልጁ ትመጣለች፤ ካልሆነ ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ልጁን በገዛ አውራ ጣቱ ባዕድ አገር አስሮ እንዳስቀራት ይሰማዋል፤ ይህም ከሕመሙ ይበልጥ ያሳምመዋል።

በመጨረሻ ሰፈርተኛው ጥፋተኛውን አገኘ። ጉድጓዱ ነው ተባለ። ሪህ ከብርድ ነው፣ ብርድ በእግር ይገባል፣ የሃሩን እግር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚውለው እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ታዲያ ምን ማስረጃ ይጠየቃል? ጠይባ አመነች፤ አምናም ለፈርሂያ ነገረቻት። ፈርሂያ ደግሞ ለግንበኛው ለጋሹ ደወለች። "ጉድጓዱን ድፈንልኝና ቤቱን በሙሉ ሲሚንቶ አልብስልኝ" አለችው። "እኔ አንድ ጊዜ አድሼ ልሥራ። አባቴ ይረፍ።"

ሃሩን ይህን ሲሰማ ድፈኑት አላለም፣ አትድፈኑትም አላለም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። እሷ ቆማ ስትውል እኔ ልረፍ? አለ በልቡ። አፍ አውጥቶ ግን መናገር አልቻለም፤ ምክንያቱም ያን ዕለትም እያነከሰ ነበር።

ጋሹ አሸዋ እስኪያስመጣ ሕመሙ ሌላ ነገር አመጣ፤ ጣቱን ትቶ ጉልበቱን ያዘው። ጉልበቱ ቅል አከለ። ሱጁድ መውረድ አቅቶት ተቀምጦ ይሰግድ ጀመር። ይሄነው ተጠርቶ መጣ፣ ዳሰሰው፣ ቀንዱንም ወደ ከረጢቱ መለሰ። "እዚህ ላይስ አልደፍርም፤ ሆስፒታል ውሰዱት" አለ። ይህን በማለቱ ሃሩን እስከ ዛሬ ይመርቀዋል።

ሆስፒታል የተቀበለችው ሐኪም ብርሀንነሽ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ስትጠይቅ አትቸኩልም፣ ስትሰማም አታቋርጥም።

"አባቴ፣ ይሄ ከመነሳቱ በፊት ምን ሆነው ነበር? ወድቀዋል? የተለየ ነገር በልተዋል?"

"ኧረ ደህና ነበርኩ ልጄ። ሰደቃም ነበረን።"

"የምን ሰደቃ?"

"ስለዳንኩ ነዋ።"

"ከምን?"

"ከዚሁ።"

ብርሀንነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጉበት በልተዋል?"

"ጉበቱማ የኔ ነው" አለ ሃሩን፣ መብቱን እንደሚያስከብር ሰው።

"ከዚያ በፊት የተነሳብዎ ጊዜስ?"

ሃሩን ሰደቃዎቹን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ከጎኑ የተቀመጠችው ጠይባ ግን ቀደመችው። "ያ ረቢ!" አለች፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና። "ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ እንዴ ሳሳምማቸው የኖርኩት?"

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ከሳቀች በኋላ ደግሞ የጠይባን እጅ ያዘች። "እርስዎ አይደሉም እናቴ። ጉበት ይቀሰቅሰዋል እንጂ መነሻው ሌላ ነው። መጀመሪያ ይሄን እብጠት እንየው።"

ጉልበቱን አጽድታ፣ አደንዝዛ፣ በመርፌ ደፍረስ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ቀዳችለት። ላቦራቶሪው እዚያው አጠገብ ነበር። ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና "ሰው የነገረኝን ሳይሆን ዓይኔ ያየውን ነው የማምነው ብለዋል አሉ፤ ይምጡ ይዩት" አለችው። ይህን የነገረቻት ጠይባ ነበረች። ሃሩን እያነከሰ ሄደና አንድ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገ።

መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ታየው። ቀጥሎ ክብ ክብ ነገሮች፣ በመካከላቸውም ቀጫጭን፣ ጫፋቸው የሾለ መርፌዎች። አንደኛው ክብ ነገር መርፌውን ውጦ፣ ጫፉ በወዲህና በወዲያ ወጥቶበታል።

"ይሄ ከኔ ነው የወጣው?"

"ከጉልበትዎ ነው። በሁላችንም ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነት ሠርቶ የሚጥለው ትርፍ ነው፣ ኩላሊት በሽንት ያወጣዋል። የእርስዎ ኩላሊት አልታመመም፤ ግን ይህን አውጥቶ አይጨርስም። ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ የሚወረስ ነገር ነው። ሲጠራቀም፣ ሲጠራቀም፣ መገጣጠሚያ ላይ ይረጋና እንዲህ መርፌ ይሆናል።"

ሃሩን ይህን ሲሰማ አባቱ ትዝ አሉት። እሳቸውም በስተርጅና ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር የሚሄዱት፤ በቅሎ ረግጣቸው ነው ይባል ነበር። ምስኪን በቅሎ።

"ክብ ክቦቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው" አለች ሐኪሟ። "የሰውነትዎ ዘቦች ናቸው ይበሏቸው። ዘብ እንግዳ ነገር ሲያይ ይውጣል። ይህን መርፌ ግን መፍጨት አይችልም፤ ሆዱን ይወጋዋል። ያኔ ይጮኻል። ጩኸቱ ድምፅ አይደለም፣ ከውስጡ የሚረጨው ቅመም ነው። ሌሎች ያን ሰምተው ይመጣሉ፣ እነሱም ይውጣሉ፣ ይወጋሉ፣ ይጮኻሉ። የደም ሥሩ ይሰፋላቸዋል፤ ሙቀቱም፣ ውኃውም አብሮ ይገባል። ቁስል ተቆጣ፣ ጣት ተቆጣ የምንለው ይህን ነው። የሚያሳምምዎ መርፌው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁልጊዜ ባመመዎት። የሚያሳምምዎ ግርግሩ ነው።"

"ግርግሩን ታዲያ ማን ያበርደዋል? እስከ ዛሬ ይሄነው በዋግምት ነበር የሚያበርደው።"

"ይሄነው ሲመጣ ጣትዎ እንዴት ሆኖ ያገኘዋል?"

ሃሩን አሰበ። ችኮ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። "እየተሻለው" አለ ቀስ ብሎ።

"የሚያበርደው የገዛ ሰውነትዎ ነው። እነዚህ ዘቦች ሲሞቱ ከውስጣቸው ክር ይተፋሉ።"

"ምን ይተፋሉ?"

"ክር፤ ይሄ ማይክሮስኮፕ የማያሳየን ቀጭን ክር። መጀመሪያ ላይ እሱም ግርግሩን ያባብሰዋል። የሞቱት ሲበዙ ግን ክሩ እርስ በርሱ ይያያዝና መርፌዎቹን ይጠቀልላቸዋል፤ ያን የሚያስጮኸውን ቅመምም ይዞ ይቆራርጠዋል። ከዚያ ሌሎች ሴሎች ይመጡና ሙታኑን ያነሳሉ፤ እያነሱም 'በቃ፣ ተበተኑ' የሚል መልእክት ይልካሉ። ጣትዎ በራሱ ጊዜ የሚበርደው በዚህ ነው።"

ሃሩን ከማይክሮስኮፑ ቀና አላለም። በሽታው ሰውነቱን እንደሸረሸረው፣ እንደከዳው አድርጎ ነበር ሲያስብ የኖረው። ለካ ውስጡ በየጊዜው ሲሠራለት ኖሯል! ያውም በክር! "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለ ለራሱ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ። አምስት ዓመት ሙሉ ስለዚህ በሽታ ደስ የሚል ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር።

"አሰረው እንጂ አላወጣውም" አለች ብርሀንነሽ። "ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መርፌዎቹ ተጠቅልለው እዚያው ይቀመጣሉ። ደምዎ ውስጥ ያለው ካልቀነሰ ሌላ ይጨመርባቸዋል፤ ውሎ አድሮ መገጣጠሚያውን ይበላዋል።"

"ጉድጓዱስ? ሰው ሁሉ ጉድጓዱ ነው ይላል።"

"ብርድ በሽታውን አይፈጥረውም። ሰዎቹ ጨርሰው አልተሳሳቱም ግን፤ ዩሪክ አሲድ ቅዝቃዜ ሲያገኝ ቶሎ ይረጋል፤ ጣትን የሚወደውም ጣት ስለሚቀዘቅዝ ነው። ካልሲ ያድርጉ እንጂ ጉድጓዱን ምን አደረገ ብለው ይደፍኑታል?"

ለጊዜው እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት ሰጠችው። ጉልበቱ ሲበርድ ተመልሶ መጣና ዋናውን ጀመረ። አሎፑሪኖል የሚባለው ኪኒን በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር ነው፤ አብሮትም ዘቦቹን የምታረጋጋ ትንሽ ኪኒን ከደሴ አስመጣችለት። ሽፍታ ካየ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያው እንዲመጣ ነገረችው። ቀጥላም ሌላ ነገር አስጠነቀቀችው።

"መርፌዎቹ መሟሟት ሲጀምሩ ከተጠቀለሉበት ይላቀቃሉ። ዘቦቹ እንደገና ያዩዋቸዋል፤ ጣትዎ እንደገና ሊቆጣ ይችላል። ያኔ ሰው ሁሉ 'ኪኒኑ ነው ያመጣብህ' ይልዎታል። ቢያምዎት ይምጡ፣ ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ፤ ይህን ግን እንዳይጥሉት። አብሽሩ አባቴ፣ ወራት ይፈጃል እንጂ ይሟሟል።"

ሃሩን እሺ አለ። እሺ ማለት ጣት ደህና ሲሆን ቀላል ነው።

ኪኒኑን ሲውጥ ሰንብቶ፣ ልክ ጋሹ አሸዋና ሲሚንቶውን ደጅ ባራገፈበት ሰሞን ጣቱ ተቆጣ። ያውም እንደ መጀመሪያው ጊዜ! ጠይባ እንባዋ መጣ። "ወላሂ ኪኒኑ ነው" አለች። "ጉልበትዎ ከበረደ ወዲህ ምንም ብሎዎት አያውቅም ነበር፤ ይሄን መዋጥ ሲጀምሩ መጣ። ይጣሉት ይበቃል! ለፈርሂያም ነግሬያታለሁ፣ ላድስ ነው ብላለች። ጉድጓዱም ዛሬ ይደፈን።"

እውነቱን ለመናገር ሃሩንም ፈርቶ ነበር። ሕመም ሲይዝ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ የሐኪም ቃልም ይርቃል። ኪኒኑን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው። ይህን ቢጥለው ማንም አይወቅሰውም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ጣቱ እንደ ልማዱ በራሱ ጊዜ ይበርዳል፣ ይሄነው ይመጣል፣ ቤቱ ሲሚንቶ ይለብሳል፣ ልጁ ሪያድ ትቀራለች። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ይህን ሲያስብ ልቡ ቆረጠ።

"ጠይባ" አለ፣ "አንቺ ፈታይ ነሽ። የተወሳሰበ ልቃቂት ስትፈቺ መጀመሪያ ምን ይሆናል?"

ጠይባ መልሱን ታውቀዋለች፤ የተወሳሰበ ክር መላላት ሲጀምር ይብስበታል፣ ያኔ የተናደደ ሰው በጥርሱ ይበጥሰዋል።

ሃሩን ኪኒኑን ዋጠ። ከዚያም ግድግዳውን ይዞ፣ እያቃሰተ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ሄደና ሁለት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። ጋሹ የተቦካ ሲሚንቶ በባልዲ ይዞ ሲገባ እንደዚያው ተቀምጦ አገኘው።

"ጋሽ ሃሩን፣ ይውጡ እንጂ! ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው።"

"በላዬ ላይ አፍስሰው።"

"ኧረ በእናትዎ አይቀልዱ!"

"መች ቀለድኩ? ወይ እኔንም ጨምረህ ድፈን፣ ወይ የቀረውን ቤት ልበጥ።"

ጋሹ ጠይባን አየ። ጠይባ ባሏን አየች። ላብ ፊቱን አጥምቆታል፤ የግራ እግሩን መሬት እንዳይነካ በእጁ ደግፎ ይዞታል፤ ግን አይወጣም። ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ልቅሶ ሄደ። "ልበጠው ጋሹ" አለች። "የቀረውን ልበጠው። ጉድጓዱን ተወው።" ከዚያ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ብርሀንነሽ ማስታገሻውን ሰጥታ "ይኸው ያልኩት መጣ፤ አያቋርጡ ይበሏቸው" አለቻት። ጠይባ ኪኒኑን ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሷ እጅ መስጠት ጀመረች። አንዴ ካመነች እሷም ከባሏ አታንስም።

በዚያ ክረምት ጣቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ተቆጣ፤ ግን ያን ያህል አልጨከነም፣ ቶሎም በረደ። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። ሐኪሟ በየጊዜው ደሙን እየለካች ኪኒኑን ከፍ አደረገችለት፤ ዩሪክ አሲዱ ወርዶ ወርዶ መርፌ ከሚሠራበት በታች ሆነ። ካልሲው ግን ራስ ምታት ሆኖ ነበር፤ በካልሲ እንዴት ገመድ በጣት ይያዛል? ጠይባ ከሱፍ ፈትላ፣ አውራ ጣቱ ለብቻው የሚገባበት ሠራችለት። ሰፈሩ "የሰይጣን ሰኮና" እያለ ሳቀበት፤ ሃሩን ደንታም አልሰጠው። ሰደቃውም አልቀረም፤ በጉ ታረደ፣ ዱዓው ተደረገ፣ ጉበቱ ግን ለመስጊዱ ሽማግሌ ተሰጠ። ሃሩን ሳህኑ በአጠገቡ ሲያልፍ ዓይኑን አልነቀለም። ቅዱስ ነው አላልኩም።

ለፈርሂያ ግን ስለ ኪኒኑም ሆነ ስለ መዳኑ የተለየ ነገር አልነገራትም። ስትጠይቀው "አልሐምዱሊላህ ደህና ነው" ይላታል፤ ይህንንማ ሁልጊዜ ነው የሚላት፣ ሲያቃስትም እንኳን። እሷም አታምነውም። ቃሉ ዋጋ እንዳጣበት ያውቃል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ይሸምን ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ስልኩ ጠራ፤ በምስል ነው። ጠይባ አነሳችው። ፈርሂያ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"እማ፣ ማዳሟ የማደሻውን ወረቀት ዛሬ ፈርሚ ብላኛለች። ከመፈረሜ በፊት አብዬን ላናግር ብዬ ነው። ጣታቸው እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ በአላህ።"

ጠይባ ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሃሩን ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ልጁን አያት፣ ልጁ አየችው። ለጠይባም በአገጩ ወደ ታች አመለከታት። ጠይባ በጉልበቷ ተንበረከከችና ስልኩን ጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ አደረገችው።

ፈርሂያ የአባቷን እግር አየች። ግራው ረገጠ፣ ቀኙ ተነሳ። ቀኙ ረገጠ፣ ግራው ተነሳ። አውራ ጣቱ ገመዱን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ከላይ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል፣ አይቆምም።

ጠይባ መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል ብላ ሰጋች። ሃሩን ግን መርገጡን አላቆመም፤ እያየችኝ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እንባው በድሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቱን ዘወር አድርጎ ይረግጥ ነበር።

"አልፈርምም" አለች ፈርሂያ በመጨረሻ። "አብዬ፣ ይሰሙኛል? አልፈርምም፤ ልመጣ ነው።"

ጠይባ ይህን ስትሰማ እንባዋን ልትጠርግ እጇን አነሳች፣ ስልኩም ወደ ላይ ዞረ።

"እማ!" አለች ፈርሂያ እያለቀሰች። "ጣራውን ምን ታሳዪኛለሽ? እግራቸውን አሳዪኝ እንጂ!"